ፕላስተር ላይ የቀረ ከንፈር፦ የኢሊኖዩ ኬዝ ደሴ ላይ ሲነበብ

እ.ኤ.አ. በ1993 ዲሴምበር ላይ አሜሪካ ኢሊኖይ ስቴት ውስጥ ኤልጂን በምትባል ከተማ አንድ ሰው በጥይት ተመቶ ሞተ። ፖሊስ አካባቢውን ሲያስስ ከሰበሰባቸው ነገሮች አንዱ ጥቅል ፕላስተር ነው፣ ያ ወፍራሙ፣ እኛ ጋ ጋራዥ ውስጥ የማይጠፋው አይነት። ላብራቶሪ ገብቶ ሲታይ የሚያጣብቀው ጎኑ ላይ የከንፈር ምልክት አገኙ። ከዛ የተጠርጣሪው ከንፈር ተወሰደ፣ ተነጻጸረ፣ የስቴቱ ፖሊስ ኤክስፐርቶችም "የሱ ነው" አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጥፋተኛ ተባለ፣ 45 አመት ተፈረደበት። የሰው ምስክሮች ነበሩ፣ ግን ሰውየውን ከቦታው ጋር የሚያያይዘው በእጅ የሚጨበጥ ማስረጃ ይሄው የከንፈር ምልክት ነው። ስሞቹን እዚህ አልጽፍም፣ ለምናወራው ነገር አያስፈልጉንም።

ኬዙን የማነሳው ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ከአንድ ወጣት አቃቤ ህግ ጋር ስለተከራከርንበት ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አንባቢ ነው፣ የሆነ ቪዲዮ አይቶ "ጋሼ፣ ከንፈርም እኮ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ የሁለት ሰው አንድ አይሆንም፣ እኛ ብርጭቆ እያጠብን ማስረጃ ስንጥል ነው የኖርነው" አለኝ። እኔ ጠበቃ ስለሆንኩ አቃቤ ህግ ደስ ያለው ነገር ሁሉ ያስጠረጥረኛል፣ የስራ በሽታ ነው። ግን ዝም ብሎ "አይሆንም" ማለት ክርክር አይደለም፣ እና ኬዙን ከስር ጀምረን አብረን አየነው።

በመጀመሪያ ልጁ ልክ የሆነበትን ልናገር። ከንፈር ላይ መስመር አለ፣ ያ ቀዩ የከንፈር ክፍል ላይ የሚታየው ሽንትርትር ማለት ነው። ይሄን እ.ኤ.አ. በ1902 ፊሸር የሚባል አንትሮፖሎጂስት ጽፎታል፣ በ1932 ደግሞ ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር፣ የፎረንሲክ (የወንጀል ምርመራ ሳይንስ) አባት ከሚባሉት አንዱ፣ ለመለያ ይጠቅማል ብሎ ሀሳብ አቅርቧል። ነገሩን በስርአት የያዙት ግን ጃፓኖች ናቸው። ሱዙኪና ፁቺሀሺ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1970 አካባቢ መስመሮቹን በአይነት ከፋፈሏቸው፦ ከንፈሩን ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ፣ መሀል ላይ የሚቀር፣ እንደ ቅርንጫፍ የሚከፈል፣ እርስ በርስ የሚሻገር፣ መረብ የሚሰራ፣ እና ከነዚህ ውጪ የሆነ። ከ1,300 በላይ ሰው ከንፈር አይተው ፍጹም አንድ አይነት ሁለት ሰው አላገኘንም አሉ። መንትዮች ላይ እንኳን በጣም ይቀራረባል እንጂ አንድ አይደለም ነው ያሉት። ፖላንድ ደግሞ ከዚህ አልፋ ስራ ላይ አውላዋለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1997 ባሉት አመታት 85 ጉዳዮች ላይ ሞክረውታል፣ 65ቱ ሰብሮ ስርቆት፣ 15ቱ ግድያ፣ 5ቱ ድብደባና ጥቃት፣ ከነዛ ውስጥ 34ቱ ላይ ውጤት ሰጥቷል ተብሎ ተመዝግቧል።

እስከዚህ ድረስ ልጁ እየሳቀ ነበር፣ "አላልኩህም ጋሼ!"

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፣ እና የኢሊኖዩ ፋይል የተበላሸውም እዚች ላይ ነው ብዬ ነው የማምነው። "የሁሉም ሰው ከንፈር ይለያያል" ማለትና "ይሄ ፕላስተር ላይ ያለው ጭረት የዚህ ሰው ከንፈር ነው" ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ከንፈር ነው። ሁለተኛው ስለ ምልክቱ ነው፣ ማለትም ከንፈሩ አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ከራሱ ምን ያህሉን ጥሎ እንደሚሄድ፣ ያን የተጣለውን ያየ ባለሙያ ደግሞ ስንት ጊዜ ልክ ስንት ጊዜ ስህተት እንደሚሆን። ጃፓኖቹ ያዩት በጥንቃቄ የተወሰደ ሙሉ ከንፈር ነው፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ፣ ወረቀት ላይ። ወንጀል ቦታ ላይ ተቀመጥና ከንፈርህን ስጠን የሚባል ሰው የለም።

ከንፈር ደግሞ ጣት አይደለም። ከስሩ አጥንት የለውም፣ ይለጠጣል፣ ይጨመቃል፣ አፍ ሲከፈት አንድ አይነት ሲዘጋ ሌላ አይነት ነው። ቀዩ የከንፈር ክፍል ላይ የላብ እጢ የለም፣ ስለዚህ ምልክት የሚተወው ምራቅ፣ ቅባት ወይ ሊፕስቲክ ካለበት ነው፣ ያ ሁሉ ደግሞ አንዴ ብዙ አንዴ ትንሽ ነው። ደሴ የኖረ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል። ህዳርና ታህሳስ ላይ ጦሳ ላይ የሚነሳው ብርድና ንፋስ ከንፈርን እንዴት አድርጎ እንደሚሰነጣጥቀው፣ ቫዝሊን ሳይቀቡ መውጣት ቅጣት ነው፣ ኮምቦልቻ ወርዶ ትንሽ የከረመ ሰው ግን ከንፈሩ ይለሰልሳል። 25 ኪሎ ሜትር እንኳን በማይሞላ መንገድ የአንድ ሰው ከንፈር መልኩ ይቀየራል። የተፈጥሮ መስመሩ አይጠፋም፣ እሺ፣ ግን ስንጥቁ ከመስመሩ ጋር ተቀላቅሎ ወረቀት ላይ ሲያርፍ የቱ የተፈጥሮ የቱ የብርድ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ምች የመታው ከንፈርም ሌላ ጣጣ ነው።

ይሄን ሁሉ በአፍ ከማውራት እንሞክረው ተባለና እዛው ቡና የምንጠጣበት ቤት ሞከርነው። ያው ወሎ ስለሆነ ቡናው ከነእጣኑ ከነቄጤማው ነው፣ ዱዓውም አለ፣ ሲኒው ትንንሽ ነጭ ነው። ልጁ ከንፈሩን ቫዝሊን ተቀባና በደንብ በተወለወለ ሲኒ አቦሉን ጠጣ፣ ከዛ በሌላ ሲኒ ቶናውን። የእርሳስ ግራፋይት በምላጭ ፍቀን ዱቄት አደረግነው፣ በለስላሳ የኩል ብሩሽ ሲኒው ጠርዝ ላይ በቀስታ ነሰነስነው፣ ትርፉን እፍ አልንና የወጣውን ምልክት በስኮች አንስተን ነጭ ወረቀት ላይ ለጠፍን። ላብራቶሪ አይደለም፣ ጨዋታ ነው፣ ግን ያስተምራል።

የአቦሉ ላይ የታችኛው ከንፈር መሀሉ ብቻ ነው የወጣው፣ አውራ ጣት የምታክል ቦታ፣ የላይኛው ከንፈር ጭራሽ የለም፣ ምክንያቱም ከሲኒ ሲጠጣ የላይኛው ቡናውን ነው የሚነካው። ከዛች ላይ አራት አምስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይታያሉ፣ ያምራሉ እንዲያውም። የቶናው ላይ ግን ልጁ እያወራ ስለነበር መሰለኝ ሲኒውን ትንሽ አዙሮ ጫን አድርጎ ነው የጠጣው፣ ሁለቱ መስመሮች ተጨፍልቀው አንድ ሆነዋል፣ ከጎን በኩል ደግሞ አቦሉ ላይ ያልነበረ የተከፈለ ቅርንጫፍ የመሰለ ነገር መጣ፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ከንፈሩ ሲንሸራተት ቫዝሊኑ የጎተተው ነው። አንደኛውን "ቀጥ ያለ" ሁለተኛውን "ቅርንጫፍ" ብሎ መመደብ ይቻላል፣ አንድ አፍ ነው፣ አንድ ቁጭታ ነው። ቡና አፍይዋ እትዬ ከረከቦቱ ቀና ብለው "ኧረ በአላህ ሲኒዬን ልታሳስሩት ነው እንዴ!" አሉን። ልጁ ወረቀቶቹን ፎቶ አንስቶ ወሰደ፣ ሳቁ ግን ቀንሶ ነበር።

አሁን ወደ ፕላስተሩ እንመለስ። የሚያጣብቅ ነገር ላይ ያረፈ ከንፈር ከሲኒም የባሰ ነው፣ ሙጫው ይዞ ይጎትታል፣ ፕላስተሩ ራሱ ይለጠጣል፣ ይታጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ላይ የቀረ ምልክት ከተጠርጣሪው ከንፈር ጋር ተነጻጽሮ "ይመሳሰላል" ብቻ ቢባል አንድ ነገር ነው። የተባለው ግን "የሱ ነው" ነው። በዚህ አይነት ፕላስተር ላይ ኤክስፐርቶች ስንት ጊዜ እንደሚሳሳቱ የሚያሳይ ጥናት ለችሎቱ አልቀረበም፣ ሊቀርብም አይችልም ነበር፣ ማን ሰርቶት!

ህጉ ጋ ስንመጣ ኢሊኖይ የምትከተለው እ.ኤ.አ. ከ1923 የፍራይ ውሳኔ የመጣ መለኪያ ነው፣ ያ ውሳኔ ራሱ የውሸት መመርመሪያ መሳሪያ የመጀመሪያ አይነቱ ላይ የተሰጠ ነው። አዲስ ሳይንሳዊ ማስረጃ ችሎት የሚገባው በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ አጠቃላይ ተቀባይነት ካለው ነው ይላል። ታዲያ የከንፈር ምልክት ተቀባይነት አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ማን መለሰ? የአቃቤ ህግ ኤክስፐርቶች። አዎ ተቀባይነት አለው፣ ኤፍቢአይም የኢሊኖይ ፖሊስም ይቀበሉታል አሉ። ከተከላካይ ወገን ደግሞ ቆሞ "አይ፣ የለውም" የሚል ኤክስፐርት አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1999 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፋይሉን ሲያይ ፊቱ ያለው አንድ ወገን የተናገረው ብቻ ነው፣ ያንኑ ይዞ የከንፈር ምልክት ተቀባይነት ያለው መለያ ነው ብሎ ፍርዱን አጸና።

እኔ ይሄን ሳነብ ዳኞቹ ላይ ያን ያህል አልተናደድኩም። ዳኛ የሚወስነው መዝገቡ ላይ ባለው ነው፣ ከኪሱ ሳይንስ አያወጣም። የተናደድኩት የሙያ ባልደረባዬ በሆነው ሰው ነው፣ ጠበቃው። ደንበኛህን 45 አመት የሚያስገባ ማስረጃ ፊትህ ተቀምጦ አንድ የሚቃወም ባለሙያ ፈልገህ አለማምጣት ምን ይባላል? ከይግባኙ ውሳኔ በኋላ እንደ አንድሬ ሞንሰንስ ያሉ የፎረንሲክ ማስረጃ ህግ ምሁራን ውሳኔውን ክፉኛ ተችተውታል፣ ኤፍቢአይም ዘዴውን አረጋግጦ የሚሰራበት ነገር እንዳልሆነ ታወቀ። እነዚህ ሰዎች 1997 ላይም ነበሩ እኮ! ስልክ የደወለላቸው ሰው ነው የጠፋው። ጉዳዩ ድጋሚ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ ችሎት እንዲካሄድ ታዘዘ፣ ምክንያቱም የከንፈሩን ማስረጃ ጠበቃው በሚገባ አልተገዳደረም የሚል ነው። ሰውየው እስከዛ እስር ቤት ነው።

እዚህ ላይ ልጁ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ "እሺ ጋሼ፣ ከንፈሩ በእርግጥ የሱ ቢሆንስ? ያኔ ምን ትላለህ?" አለኝ። ያኔም አላበቃም። ፕላስተር ተንቀሳቃሽ እቃ ነው። ግድግዳ ላይ የተገኘ የእጅ አሻራ ሰውየው እዛ ቤት እንደነበረ ይነግርሀል፣ ፕላስተር ላይ የተገኘ ከንፈር ግን ሰውየው ፕላስተሩን አንድ ቀን አፉ ጋ እንዳደረሰው ብቻ ነው የሚነግርህ፣ ሰው ፕላስተር በጥርሱ ይቆርጣል፣ ከዛ ለሌላ ሰው ያውሰዋል፣ መኪና ውስጥ ይረሳዋል፣ ይሸጠዋል። መቼ? የት? ከንፈሩ ሰአት አይጽፍም። የኛም ሰፈር ፋይሎች ላይ ይሄ ነገር ይገጥመኛል፣ የተገኘው እቃ "የተከሳሹ" መሆኑ ብቻ ተረጋግጦ እንዴት እዛ ደረሰ የሚለው ይዘለላል።

ሌላው አደጋ ዳታቤዝ የሌለው መሆኑ ነው። የጣት አሻራ ሲገኝ ቢያንስ ብዙ ሰው መሀል ይፈለጋል። የከንፈር መዝገብ ግን የለም፣ ስለዚህ ንጽጽሩ የሚደረገው ሁሌ ከተያዘው ሰው ጋር ብቻ ነው፣ መርማሪው "ይሄ ነው" ብሎ ይዞ ከመጣው ጋር። ባለሙያው ማይክሮስኮፕ ላይ ከማጎንበሱ በፊት መልሱ ተነግሮታል ማለት ነው። ይሄ ተንኮል አይደለም፣ የሰው አእምሮ ነው፣ የሚጠብቀውን ያያል። በጣት አሻራ ላይ እንኳን ሆኗል፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የማድሪድ ባቡሮች ፍንዳታ ጊዜ ኤፍቢአይ አሻራው የኦሪገን ስቴት ነዋሪ ነው ብሎ ሰውየውን አሰረ፣ በኋላ የስፔን ፖሊስ አሻራው የሌላ ሰው መሆኑን አሳየ፣ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ። የታሰረው ሰውዬ ስራው ምን ነበር? ጠበቃ! (አትሳቁ።) መቶ አመት የተሰራበት የጣት አሻራ እንዲህ ከሆነ ከንፈር ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። የአሜሪካ ብሄራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ2009 ባወጣው ትልቅ ሪፖርት ላይም አንድን ማስረጃ ከአንድ ሰው ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነት ማያያዝ መቻሉ በጥብቅ የተረጋገጠለት ዘዴ ዲኤንኤ ብቻ ነው ብሏል።

ታዲያ ልጁን ብርጭቆ እጠብ አልኩት? በፍጹም። ከንፈር የነካው ብርጭቆ ላይ ዋናው ሀብት መስመሩ ሳይሆን ምራቁ ነው፣ ምራቅ ውስጥ ዲኤንኤ አለ። የኢሊኖዩን ኬዝ ዛሬ ብንመረምረው መጀመሪያ የምንጠይቀው ያን ነው፣ ፕላስተሩ ላይ ምራቅ ነበረ ወይ፣ ተወሰደ ወይ። እኛ ጋ የሚታየው ችግር ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው። እቃው በባዶ እጅ ይነሳል፣ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ተቋጥሮ ሙቀት ውስጥ ይከርማል፣ እርጥበቱ ውስጥ ሻግቶ ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። መሆን ያለበት ጓንት ማድረግ፣ ምልክቱን ሳይነኩ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጦ በደንብ ፎቶ ማንሳት፣ ከዛ ምራቁን በንጹህ ጥጥ መውሰድ፣ ማድረቅ፣ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ማሸግ፣ ማን ከማን መቼ እንደተረከበ መጻፍ። ዱቄት መነስነስ የሚመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ እኛ ሲኒው ላይ እንዳደረግነው ዱቄቱን ካስቀደማችሁ ምራቁን ታበላሹታላችሁ። የከንፈር ፎቶው ደግሞ ጥቅም አለው፣ በተለይ ለማግለል። ምልክቱ ላይ መረብ የሚሰራ መስመር ጥርት ብሎ ከታየና የተጠርጣሪው ከንፈር በዛ ቦታ ላይ ጭራሽ ሌላ ከሆነ መርማሪው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። ሌላ ሰው ለመፈለግ ይረዳ ይሆናል። ክስ ተሸክሞ እንዲቆም ግን አቅም የለውም።

ልጁ መጨረሻ ላይ ያለኝ "እንዲህ አይነት ሪፖርት ቢመጣብህ መስቀለኛ ጥያቄህ ምንድነው?" ነው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 20 ንኡስ 3 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹህ ነው ይላል፣ ስለዚህ ማስረዳት ያለበት የአቃቤ ህጉ ባለሙያ እንጂ የኔ ደንበኛ አይደለም። መጀመሪያ የምጠይቀው ከዚህ በፊት ስንት የከንፈር ንጽጽር ሰርተሀል፣ መልሱ በሌላ መንገድ ተረጋግጦ የሚታወቅ ነበር ወይ የሚል ነው። ቀጥሎ ለማወዳደር ከስንት ሰው ከንፈር ወሰድክ፣ ወይስ ፊትህ የመጣው የኔ ደንበኛ ብቻ ነው? ከደንበኛዬስ ስንት ጊዜ ወሰድክ፣ በስንት አይነት ጫና፣ እንደተገኘው እቃ ባለ ነገር ላይ ነው ወይስ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ? የማይመሳሰሉትን ቦታዎች የት ጻፍካቸው፣ ሪፖርቱ ላይ የማያቸው የሚመሳሰሉት ብቻ ናቸው። ምራቁ ለዲኤንኤ ተልኳል ወይ፣ ካልተላከ ለምን? ልጁ ስልኩ ላይ እየጻፈ ነበር፣ ከዛ ቀና ብሎ "ጋሼ፣ እነዚህን እኔ አስቀድሜ ለባለሙያዬ ብጠይቀውስ?" አለኝ። ጠይቀው አልኩት፣ መልሱን ግን በጽሁፍ ተቀበለው።